አምስት ዓመት የቀረው መድኃኒት

መድኃኒቱ ሁልጊዜ አምስት ዓመት ይቀረው ነበር። ስለ እሱ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን አምስት ዓመት ይቀረዋል ተባለ። አምስቱ ዓመት ሞልቶ ደግሜ ባየው፣ አሁንም አምስት ዓመት ይቀረዋል። በዚህ መሃል እኔ ከሠላሳ ወደ አርባ ተሻገርኩ፣ አባቴ ሞተ፣ የእናቴ ዓይን ደከመ፣ የጅማ መንገድ ተቆፍሮ እንደገና ተነጠፈ። መድኃኒቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ሞኝ ይባላል። ይባል። ሞኝነቴን ካልተናገርኩ ግን ዛሬ የሚያሳዝነኝ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

ፀጉሬ መርገፍ የጀመረው ሃያ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ያን ጊዜ ሊሙ ገነት አጠገብ ባለ የቡና ችግኝ ጣቢያ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጠዋት ትራሴ ላይ አየዋለሁ፣ ስታጠብ ሳፋው ውስጥ አየዋለሁ፣ ችግኝ ላይ ጎንበስ ስል ቅጠሉ ላይ ሲወድቅ አየዋለሁ። በመጀመሪያ መሃል ለመሃል ያለው የፀጉሬ ክፍፍል ሰፋ። ቀጥሎ ከግንባሬ በላይ ያለው ሳሳ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከግንባሬ እስከ አናቴ ያለው ተመለጠና ከኋላ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለው ማጅራቴ ላይ የበቀለው ብቻ ቀረኝ። እሱ ደግሞ ምንም እንዳልሰማ ሰው ወፍራምና ጥቁር ሆኖ ቀረ።

ያልሞከርኩት የለም። ቅቤ ተቀባሁ፣ የጉሎ ዘይት ተቀባሁ፣ ሬት ተቀባሁ፣ ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቅኩ። የቆዳ ሐኪም ዘንድም ሄጄ ነበር። በትንሽ ባትሪ አናቴን ካየ በኋላ፣ "ከቤተሰብ የሚወረስ ነው፤ ሥሩ አንዴ ከከሰመ አይመለስም። ለሕይወትሽ ግን አያሰጋም፣ አይዞሽ" አለኝ። ሰውዬው ራሱ በራ ነበር። በራነት ለእሱ የትምህርትና የዕድሜ ምልክት ሆኖለታል፤ ዶክተር ሲባል ያምርበታል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ሴት ግን በራ ስትሆን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ኃጢአት ሠራች ብሎ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻሼን ከራሴ አላወለቅኩም። በጅማ መንገድ ላይ በሂጃብ ተሸፍነው የሚሄዱ ልጃገረዶች ባየሁ ቁጥር ቀናሁባቸው፤ እነሱ ሲሸፈኑ ለምን ብሎ የሚጠይቃቸው የለም።

ራሴን በጣም የደበቅኩት ግን ከመንገደኛ አይደለም፤ ከእናቴ ነው።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ከሸዋ ወደ ጅማ የመጣ ነው። እናቴ ተከትላው መጣች፣ አወቱ መንደራ ቤት ሠሩ፣ እኔን ብቻ ወለዱ። እናቴ ሴት ልጅ ብዙ ትመኝ ነበር፣ የተሰጣት አንዲት ራስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያቺን ራስ እንደ ብዙ አድርጋ ያዘቻት። በየቅዳሜው በረንዳ ላይ በርጩማዋ ላይ ትቀመጥና እኔን መሬት ላይ በጉልበቶቿ መሃል ታስቀምጠኛለች። በእንጨት ሚዶዋ ታበጥርና ትከፍላለች፣ ትስባለች፣ ትጎነጉናለች። ጥብቅ አድርጋ ስለምትስብ ዓይኔ ይንጋደድ ነበር። "አመመሽ?" ትለኛለች። "አላመመኝም" እላለሁ። ያመኛል። ነገር ግን አመመኝ ካልኩ ታላላዋለች፣ ካላላችው ቶሎ ትጨርሳለች፣ ቶሎ እንድትጨርስ ደግሞ አልፈልግም ነበር። ተቀጥሬ ሊሙ ገነት ከገባሁ በኋላ እንኳን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በአውቶቡስ የምመጣው ጉልበቷ መሃል ለመቀመጥ ነበር።

መርገፍ በጀመረ ሰሞን፣ ሻሽ አስሬ በመጣሁበት የመጀመሪያ ቅዳሜ "ዛሬ ደክሞኛል" አልኳት። በሁለተኛው "ራሴን ያመኛል" አልኩ። በሦስተኛው ሚዶውን ይዛ በርጩማው ላይ ተቀምጣ አገኘኋትና ሌላ ሰበብ አጣሁ።

"ረግፏል እማዬ" አልኳት።

"አሳዪኝ።"

"አላሳይሽም።"

እናቴ ቁጣ ታውቃለች፣ ያን ቀን ግን አልተቆጣችም። ሚዶውን ቀሚሷ ላይ አስቀመጠች። ለምን እንዳላሳየኋት ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን አውቀዋለሁ። ያ ራስ የእሷ ሥራ ነበር፤ ሃያ ሰባት ዓመት የደከመችበትን ያበላሸሁባት መሰለኝ።

ስለ መድኃኒቱ ያነበብኩት ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። አገሩ ሁሉ ስለ አዲሱ ሺህ ዓመት ያወራል፤ ቀበሌው አጥር አስቀብቶናል። ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ የሚባል ሰፈር አንድ ጠባብ ኢንተርኔት ቤት ነበር። ገጹ ከላይ ወደ ታች እየተጎተተ ሲከፈት፣ አንዱ መስመር እስኪታይ ሌላውን በቃሌ እይዝ ነበር። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ የገባኝ ይህ ነው። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ከሰው ማጅራት ጥቂት ፀጉር ከነሥሩ ይወስዳሉ። ከሥሩ ውስጥ ሕዋሱን ይለያሉ፣ በሳህን ውስጥ ምግብ እየሰጡ ያራቡታል፤ ጥቂቱ ብዙ ይሆናል። ከዚያ በራ በሆነው ቦታ በመርፌ ይተክሉታል። በሰው ላይ መሞከር ጀምረዋል። በአምስት ዓመት ውስጥ ገበያ ላይ ሊውል ይችላል።

ደጋግሜ አነበብኩት። ሰው ሁሉ ተአምር የሚለው ነገር ለእኔ የዘወትር ሥራዬ ነበርና። እኛም ችግኝ ጣቢያ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ከማሳው ውስጥ ጤነኛና ፍሬያማ የሆነውን ዛፍ እንመርጣለን፤ እናት ዛፍ እንለዋለን። የእናት ዛፍ ፍሬ እንደ ሌላው አይሸመጠጥም፣ ቅርንጫፉ አይሰበርም። ቀይ ፍሬው ተለቅሞ፣ ዘሩ መደብ ላይ ተዘርቶ፣ በጥላ ሥር አድጎ፣ ሺህ ችግኝ ሆኖ ባዶ መሬት ላይ ይተከላል። ወረቀቱን አሳትሜ እየሮጥኩ አወቱ መንደራ ገባሁና ለእናቴ በቡና አስረዳኋት። ቀለም ያልቆጠረች ሴት ናት፣ ለመረዳት አንድ ሰዓት የፈጀብኝን እሷ ወዲያው ያዘችው።

"እንዲህ ከሆነ ማጅራትሽ እናት ዛፍ ነው" አለች። "ጠብቂው። መቀስ እንዳታስነኪው።"

"አላስነካም።"

"ሲበቅልልሽ ማን ይሠራሻል?"

"አንቺ ነሻ! ያን ቀን ሻሼን አወልቃለሁ፣ እስኪበቃሽ ትሠሪኛለሽ።"

በዚህ ተስማማን። እኔና እናቴ የምንጠብቀው አንድ ነገር ሆነ። መድኃኒቱ ይመጣል፣ ራሴን እገልጣለሁ፣ እሷ ትሠራኛለች። እስከዚያ ድረስ ግን አታይም፣ አትነካም። ይህን ቃል ያስገባኋት እኔ ነኝ። አምስት ዓመት ለሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ስንት እንደሆነ አላሰብኩም።

ከዚያ ወዲህ ማጅራቴ ላይ ያለውን ፀጉር ጫፉን እንኳን አልቆረጥኩም። ዶክተሩ የከሰመ አይመለስም ስላለኝ፣ የተቆረጠም የማይመለስ መሰለኝ። ሥሩ ከቆዳ በታች እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ፍርሃት ግን ትምህርት ቤት አልገባም። ሚዶ እንዳይነቅለው ብዬ በጣቴ አፍታታዋለሁ፣ ጠቅልዬ ከሻሹ ሥር እደብቀዋለሁ። ረዝሞ ወገቤ ደረሰ። ፊት ለፊት መላጣ፣ ከኋላ የሙሽራ ፀጉር ያላት ሴት ሆንኩ፤ ለብቻዬ መስታወት ፊት ስቆም አንዳንዴ ያስቀኛል፣ ብዙ ጊዜ ያስለቅሰኛል።

ሚሊኒየሙ በገባ በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሞተ።

በአባቴና በእናቴ አገር፣ የቅርብ ሰው የሞተባት ሴት ፀጉሯን ትላጫለች። በከተማው እየቀረ ነበር፣ ካህናቱም አይወዱትም፤ በእኛ ቤት ግን አልቀረም። ከቀብር መልስ እናቴ ተላጨች። የአባቴ እህት፣ አክስቴ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተላጩ። ከዚያም መቀሱንና ምላጩን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

"ነይ፣ ተራሽ ነው" አሉኝ።

ሁለት እጄን ሻሼ ላይ ጫንኩ። "እኔ አልላጭም" አልኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ለቅሶ ጋብ አለ። አክስቴ ምላጩን እንደያዙ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ከዚያ ለሴቶቹ ሁሉ እንዲሰማ፣ "ለአባቷ ፀጉሯን ሳሳች! ያሳደጋት አባቷ አፈር ገብቶ እሷ ለውበቷ ትጨነቃለች!" አሉ። ለውበቷ! በዓለም ላይ ስለ ፀጉሯ ውበት ልትታማ የማትችል አንዲት ሴት ብትኖር እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ሻሼን ባነሳው ሁሉም ያበቃ ነበር። አላነሳሁትም።

"ተይያት" አለች እናቴ። የተላጨ ራሷ ትንሽ ሆኖ ነበር። "እኔ ነኝ እንዳትላጪ ያልኳት። ነገሩ በእኔ ነው።"

አክስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔም ከእናቴም ጋር እግዜር ይመስገን ከመባባል አልፈው አልተነጋገሩም። እናቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ግን ሰልስቱ እስኪወጣ ድረስ አጠገቤ አልተቀመጠችም። ለባሏ በወጉ ሳላለቅስላት እንደቀረሁ አውቃለሁ። መድኃኒቱ ሲመጣ ትረዳኛለች እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

አምስቱ ዓመት ሞላ። ያ ገጽ ከኢንተርኔቱ ጠፍቶ ነበር፤ ጥናቱን የያዘው ድርጅት ገንዘብ አጥቶ ተዘግቷል። ሌላ አገር ያለ ሌላ ድርጅት ግን ጀምሯል፤ እሱ አይጥ ላይ ተሳክቶለታል፣ ለሰው አምስት ዓመት ይቀረዋል። ኢሜይል ጻፍኩላቸው። ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ለሙከራም ቢሆን ራሴን እሰጣለሁ አልኳቸው። ስለ ፍላጎትዎ እናመሰግናለን፣ ድረ ገጻችንን ይከታተሉ የሚል መልስ መጣልኝ። መልሱን ማሽን እንደጻፈው ያወቅኩት በሁለተኛው ደብዳቤዬ ያው ቃል በቃል ሲመጣልኝ ነው። አይጧ ፀጉር እንዳበቀለች ለእናቴ ስነግራት ከልቧ ሳቀች።

"አይጥ ደግሞ ምን ፀጉር ጎደላትና!" አለች። ቀጥላም ሳቋን ገታ አድርጋ፣ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን" አለችኝ።

"ይመጣል እማዬ።"

"እንግዲህ ይምጣ" አለች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ እያሸች። ጣቶቿ መጣመም ጀምረው ነበር።

በዚያን ዘመን የችግኝ ሥራው ላይ ሌላ ሥራ ተጨመረብኝ። የገበሬው ቡና አርጅቷል፣ ምርት ቀንሷል፣ ስለዚህ ጉንደላ አስተምሩ ተባልን። ጉንደላ ማለት ያረጀውን ቡና ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ግንዱን መቁረጥ ነው። ሥሩ ደህና ከሆነ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል፤ ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ እንደ ወጣት ዛፍ ያፈራል። ገበሬ ግን አይወድም። አንድ አዛውንት ነበሩ፣ አባታቸው የተከሉት ቡና አርጅቶ አናቱ ደርቋል፣ ከታች በኩል ብቻ ጥቂት ፍሬ ይይዛል። ሦስት ጊዜ ሄድኩባቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ማር አቅርበው፣ አመስግነው፣ እምቢ አሉኝ።

"አባቴ፣ የደረቀው እኮ አይመለስም" አልኳቸው በመጨረሻው ቀን። "የቀረችውን ይዘው እስከ መቼ ይጠብቃሉ? ሥሩ አልሞተም፣ አይፍሩ፣ ይቁረጡት።"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ዛፎቹን ተመለከቱ። "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "አፍሽ ቀላል ነው። ማሎ፣ እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ። ያንቺ ቢሆን ትቆርጪዋለሽ?"

"እቆርጠዋለሁ" አልኩ። ከሻሼ ሥር የጠቀለልኩት ማጅራቴ ላይ ከበደኝ። በምክር እምቢ ያለውን መከራ ይምከረው እያልኩ፣ እሳቸውን የማማ መስዬ፣ ወደ ሊሙ ገነት ተመለስኩ።

መከራው በሁለተኛው ዓመት መጣ። የእናቴ ልብ ደከመ፤ እግሯ ማበጥ፣ ትንፋሿ ማጠር ጀመረ። ዓይኗም ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም ነበር። ፈቃድ ወስጄ ጅማ ገባሁ። እኔ በማልኖርበት ጊዜ ሁሉ የሚያዩዋት ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ሙስሊም እናት ነበሩ። ከእናቴ ጋር ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር ኖረዋል። አንድ ቀን ሾርባ አምጥተው ሲወጡ በሩ ላይ አስቆሙኝ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ምስጢር ብላ የሰጠችኝን አማና ማፍረሴ ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እናትሽ በየቅዳሜው ያንን ሚዶ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ትላለች። አንቺ በማትመጪበትም ቅዳሜ። 'ምነው?' ስላት፣ 'ምናልባት ዛሬ ይመጣ እንደሆነ' ትለኛለች። እኔ አንቺን የሚያገባሽ ልጅ ሊመጣ ነው ብዬ ስንት ዓመት ዱአ ሳደርግ! ለካ የምትጠብቀው መድኃኒት ነው።"

"ይመጣል እኮ" አልኩ፣ ከልማድ የተነሳ።

"ኢንሻ አላህ" አሉ። "እሷ ግን ልትሄድ ነው። አብሽሪ የኔ ልጅ። አይታይሽም እንዴ?"

ይታየኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው ሆኖ፣ ቤታችን ውስጥ ያለውን ነገር ጎረቤት እስኪነግረኝ ጠበቅኩ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሁለታችንም ስንጠብቅ ነበር፤ እኔ ፀጉሬን፣ እሷ እኔን። እሷ የምትጠብቀው ግን በእጄ ነበር። ያን ያወቅኩ ጊዜ ጓሮ ሄጄ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ።

ቀኑ ቅዳሜ እስኪሆን ጠበቅኩ። ከምሳ በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ በመስኮት አልጋዋ ላይ ወርዳለች። በትራስ ደገፍ ብላ ተቀምጣ ነበር።

"እማዬ፣ መድኃኒቱ መጣ" አልኳት።

ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። "መቼ?"

"ሰነበተ። አዲስ አበባ ሄጄ ተወጋሁት። እስኪበቅል ብዬ ሳልነግርሽ ቆየሁ።"

"ያማል?"

"አያምም።"

"እንግዲያ ሚዶዬን አቀብይኝ" አለች።

ጀርባዬን ለአልጋው ሰጥቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሻሼን ፈታሁ። ከዶክተሩ በቀር የሰው ዓይን ያላየው ራሴን አየር ነካው። አስቤበት ነበር፤ እጇ መጀመሪያ ማጅራቴ ላይ እንዲያርፍ አንገቴን ደፋሁላት። እንዳሰብኩት ሆነ። ጣቶቿ ያንን ረዥም ፀጉር አገኙትና ሳበችው፣ እስከ ጫፉ ድረስ በመዳፏ ተከተለችው። "ወይ ልጄ! ወይ ልጄ! እንዴት ረዘመ!" አለች። በሚዶው አበጠረችው። ሚዶ ከነካው ዐሥር ዓመት ሆኖት ነበር፣ አንድም ዘለላ አልተነቀለም።

ከዚያ እጇ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ራሴን ዘንበል አድርጌ ላመልጣት ሞከርኩ፤ በሌላው እጇ፣ ልጅ ሆኜ ስቁነጠነጥ እንደምታደርገው፣ አገጬን ያዘችኝ። መዳፏ አናቴ ላይ ወጣ። ባዶው ላይ ደርሶ ቆመ።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። እጇ ይሞቅ ነበር።  መዳፏ ቀስ ብሎ ከአናቴ ወደ ግንባሬ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ሕፃን እንደምትዳብስ አድርጋ ሁሉንም ቦታ አዳረሰችው።

"እሰይ" አለች በመጨረሻ። "በቅሏል።"

እጇን ወደ ማጅራቴ መለሰችና ፀጉሩን ሦስት ቦታ ከፍላ መጎንጎን ጀመረች። ትንፋሿ ሲያጥር ታርፋለች፣ ትቀጥላለች። አንድ ጉንጉን ለመሥራት ፀሐይዋ ከአልጋው ወርዳ ግድግዳው ድረስ ሄደች።

"አመመሽ?" አለችኝ።

"አላመመኝም።"

ያን ጊዜ እውነቴን ነበር። ጣቶቿ የሚስብ ጉልበት አልነበራቸውም።

ሐሙስ ዕለት ሞተች።

ከቀብር መልስ አክስቴ መቀስና ምላጭ ይዘው ከድንኳኑ መሃል ቆሙ። ወደ እኔ አልመጡም፤ የአባቴን ቀን አልረሱም። ተነስቼ እኔው ሄድኩ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ፣ ሻሼን አውልቄ ጭኔ ላይ አደረግኩት።  ከሴቶቹ አንዲቱ "ውይ!" ስትል ሰማሁ። አክስቴ ከላይ ሆነው ባዶ አናቴን፣ ከኋላ ደግሞ ያችን እናቴ የሠራቻትን የላላች ጉንጉን ያያሉ። 

"ይሄ ነው እንዴ?" አሉ። "ያኔም ይሄ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ይቁረጡት እቴቴ" አልኳቸው።

"አልቆርጥም፣ እኔ አልችልም! የቀረሽ ይቺው ናት።"

"ሥሩ አልሞተም። ይቁረጡት።" ለሽማግሌው የነገርኳቸውን ቃል ነው የደገምኩት፤ ሳምነው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ባይበቅልም እንኳን ለእናቴ ለመስጠት ቆርጬ ነበር።

እያለቀሱ ቆረጡት። ጉንጉኑን ሳይፈቱ እጄ ላይ አደረጉልኝ። የቀረውን በምላጭ ላጩት። እኔም ጉንጉኑን ይዤ፣ ለእናቴም፣ ያን ቀን ላላለቀስኩለት ለአባቴም አለቀስኩ።

አርባዋ ሲወጣ ማጅራቴን ብዳብሰው ሻከረኝ። መስታወት ፊት ቆሜ ሌላ ትንሽ መስታወት ከኋላ ይዤ አየሁት። በቅሏል። እንደ ድሮው ጥቁር ሆኖ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ለአባቴ ብላጨው ኖሮ ያኔም በአርባው ይበቅል ነበር ማለት ነው። አክስቴ ባልተቀየሙ፣ እናቴ የእኔን ነውር ባልተሸከመች። ደግሞስ ቢነካ ምን ይሆን ነበር? በየትኛውም ቅዳሜ፣ በዚያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ሻሼን ፈትቼ ጉልበቷ መሃል ብቀመጥ ምን ይጎድልብኝ ነበር? በእጇ ያየችውን አየች፤ በቅሏል አለች እንጂ ምንም አላለችም።

ሥራ ከገባሁ በኋላ ወደ ሽማግሌው ማሳ ሄጄ ነበር። አንድ ረድፍ ቡና ጎንድለው ቆዩኝ። ከየጉቶው ሦስት አራት ቀንበጥ ወጥቷል። "እንዳልሽው ሆነ" አሉኝ። እናቴ መሞቷን ስነግራቸው ዱአ አደረጉላት፣ ከቀንበጦቹም የትኛውን ማስቀረት እንዳለባቸው ጠየቁኝ፣ አሳየኋቸው። ስለ መድኃኒቱም አንድ ቀን በስልኬ ተመለከትኩ። አምስት ዓመት ይቀረዋል ይላል። ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን አሁን እየሠራሁ ነው የምጠብቀው፤ ቤት ስገባም ሻሼን አወልቃለሁ።

በሙት ዓመቷ ቤት ውስጥ ስንሰናዳ አክስቴ በረንዳው ላይ የእናቴን በርጩማ አገኙት። ተቀመጡበት። ሚዶውንም አምጪ አሉኝ። ማጅራቴ ላይ ያለው ፀጉር ትንሽ ጉንጉን የሚወጣው ሆኖ ነበር።

"ልሥራሽ?" አሉኝ፣ እንደ መፍራት ብለው።

ድሮ ቢሆን ሌላ ጊዜ እል ነበር። ሻሼን ፈትቼ መሬት ላይ፣ በጉልበቶቻቸው መሃል ተቀመጥኩ። አክስቴ ጠንካራ ሴት ናቸው፣ ጣታቸውም ጠንካራ ነው። አበጠሩ፣ ከፈሉ፣ ጥብቅ አድርገው ሳቡ። ዓይኔ ተንጋደደ። እንድጠየቅ ትንሽ ጠበቅኩ።

አመመኝ። የጠየቀኝ ግን የለም።